የአውቶክሌቭ 15 ፓውንድ ግፊት ለአዲስ አበባ አይበቃም፦ የጥርስ ባለሙያዎች የማምሻ መማማሪያ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ሐሙስ

ዛሬ ተጀመረ። ቦታው ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለው ክሊኒካችን ነው። ምሽት 12 ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻው ታካሚ ከወጣ በኋላ ተሰበሰብን። ሰዎቹ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከሜክሲኮና ከስታዲየም አካባቢ ነው የመጡት። አንዱ ባልደረባችን ካዛንቺስ ነበር የሚሠራው። ሰፈሩ ሲፈርስ ክሊኒኩም ተነሳ፤ እሱ ግን ከአዲሱ ቦታ ታክሲ ተሳፍሮ መጣ።

የጥርስ ሐኪሞች አሉ፣ ዴንታል ቴራፒስቶች አሉ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ቴክኒሺያንም አለ። የእኛ ሲስተርም አለች። ዕቃ የምታጥበው፣ የምታሽገውና የምታመክነው እሷ ናት። «እኔ ምን ልሠራ?» ብላ ነበር። ወንበር ሳብኩላትና ተቀመጠች።

ለምን እንደምንሰበሰብ ለመጻፍ ያህል፦ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ብቻውን ነው። ተማሪ ሳለን ከጎናችን የሚቆም አስተማሪ ነበረን። ከተመረቅን በኋላ ግን በር ዘግተን ነው የምንሠራው። ሥሩን ያከምኩትን ጥርስ የሚያየው ሌላ ሐኪም ነው፤ እሱም የሚያየው ጥርሱ ድጋሚ ሲያም ነው። ይህን ወደ እኔ የሚመልስ መንገድ የለም።

ፈቃድ ለማሳደስ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ የሚያስገኙ ሥልጠናዎች አሉ። እንሄዳለን፣ እንጠቀምባቸዋለንም። እዚህ ግን ነጥብ የለም፣ ሰርተፊኬት የለም፣ አበል የለም። ደንባችንም አጭር ነው። ስላይድ አይመጣም። የሚመጣው በእጅ የተሠራ ነገር ነው፤ ኤክስሬይ፣ ጥርስ፣ ሞዴል ወይም ያስቸገረ መሣሪያ። የታካሚ ስምና ፊት ይሸፈናል። በማንም ሥራ አይሳቅም። ተራው እንደ ዕቁብ በዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የወጣለት ቡናውን ያፈላል፣ ክሊኒኩንም ይከፍታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ከሁላችንም በዕድሜ ከሚበልጡት ቴራፒስት ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ሥሩ ከታከመ በኋላ ለምን እየተመለሰ ያስቸግረናል?» አሉ። በዚሁ እንድንጀምር ተስማማን።

ጥቅምት አጋማሽ

ለልምምድ የተነቀሉ ጥርሶች እየሰበሰብን ነው። ታካሚው አስቀድሞ ይጠየቃል። እምቢ ካለ ጥርሱ የራሱ ነው፣ ይዞት ይሄዳል። አብዛኛው ሰው ግን ለመማሪያ ነው ሲባል ደስ ይለዋል።

ሁለት ዕቃ ለይተናል። አማልጋም (ሜርኩሪ ያለበት የብረት መሙያ) የተሞላ ጥርስ አውቶክሌቭ ውስጥ፣ ማለትም ዕቃ በግፊት እንፋሎት የሚያመክነው ማሽን ውስጥ፣ አይገባም። ሙቀቱ የሜርኩሪ ትነት ያወጣል፤ ያንን የምንተነፍሰው እኛው ነን። እንዲህ ያለው ጥርስ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። አማልጋም የሌለበት ደግሞ ውኃ ውስጥ እንዳለ ለ40 ደቂቃ አውቶክሌቭ ይደረጋል። ከዚያም በኋላ እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል። የደረቀ ጥርስ ይሰነጠቃል፤ ፋይል (የሥሩን ውስጥ የሚጠርግ መርፌ መሰል መሣሪያ) ስናስገባበትም የአፍ ውስጥ ጥርስ ስሜት አይሰጥም።

ይህን የምትሠራው ሲስተር ናት። ሰዓት ይዛ ማሽኑ ፊት ስትቆም ብዙ ነገር ታያለች።

ጥቅምት መጨረሻ

ቴክኒሺያኑ ጀሶ በጥብጦ ጥርሶቹን በአራት በአራት ተከለልን። ጀሶው ሲደርቅ የላይኛውን የመጀመሪያ መንጋጋ መክፈት ጀመርን።

ይህ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሥር አለው። ሁለቱ በጉንጭ በኩል ናቸው፣ አንዱ በላንቃ በኩል። ሦስት ሥር ሲታይ ሦስት ካናል፣ ማለትም በሥሩ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ቦይ፣ ፈልጎ መጨረስ ቀላል ነው። ግን በጉንጭ በኩል ያለው የፊተኛው ሥር ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ከግማሽ በሚበልጡት ጥርሶችም ውስጥ ሁለተኛ ካናል ይይዛል። ኤምቢ ቱ የምንለው እሱን ነው። ሳይጸዳ ከቀረ ባክቴሪያው እዚያው ይኖራል። የጋሼ ጥያቄ መልስ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

የት ይፈለጋል? ከዋናው የፊት ካናል ወደ ላንቃው ካናል መስመር እናስምር። ኤምቢ ቱ መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ ትንሽ ወደ ፊት ይገኛል። ብዙ ጊዜ የዴንቲን (የጥርሱ ውስጠኛ ጠንካራ ክፍል) ከንፈር ይሸፍነዋል፤ ያ ከንፈር በጥንቃቄ መነሳት አለበት። አንዷ ወጣት ሐኪም በረኪና ጠብ አድርጋ ጠበቀች። ካናሉ ውስጥ የቀረ ሥጋ ካለ በረኪናው ሲያሟሟው አረፋ ያወጣል። ከተደበቀው ጉድጓድ ቀጭን የአረፋ መስመር ሲወጣ ሁላችንም አየን። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ አጥርተው፣ ደግመው አዩ። «ይህን ያህል ዘመን እዚህ ነበረ?» አሉ። ከዚያ ቁጥር 8 ፋይል ጠይቀው ራሳቸው አስገቡት።

በረኪናው አፍ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ያለ ራበር ዳም፣ ጥርሱን ከቀረው አፍ ከሚለየው የጎማ ሽፋን፣ አይታሰብም፤ መርፌውም ካናሉ ውስጥ መጣበቅ የለበትም፣ ተገፍቶም አይረጭም። ከሥሩ ጫፍ ካለፈ ከባድ ሕመምና እብጠት ያመጣል። ራበር ዳም ከ1864 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ አሁንም ግን ብዙ ክሊኒክ ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚውለው። «ታካሚ አይወደውም» እንላለን። የካዛንቺሱ ባልደረባችን ለታካሚ መጀመሪያ በመስታወት እያሳየ እንደሚያስረዳ ነገረን። እንደዚያ ሲያደርግ እምቢ የሚል እምብዛም አላጋጠመውም። ይህን ወስጃለሁ።

ኅዳር መግቢያ

አጭር ምሽት ነበር፣ መብራት ሄደ። በስልክ መብራት ኤክስሬይ ተያየን። ሁለት ሥር ተደራርቦ ሲታይ የኤክስሬዩን ቱቦ ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ ሌላ ፎቶ ማንሳት ነው። ቱቦው በሄደበት አቅጣጫ አብሮ የሄደው በውስጥ በኩል ያለው ነው፤ በተቃራኒው የሄደው በጉንጭ በኩል ያለው ነው። ሁላችንም ተምረነዋል። የምንጠቀምበት ግን ጥቂቶች ነበርን።

ኅዳር፣ ሚካኤል ካለፈ በኋላ

የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር ዛሬ ተነሳ፣ ያነሳችውም ሲስተር ናት።

ዕጣው የአራት ኪሎው ክሊኒክ ነበር። እነሱ ጋ ያለው አውቶክሌቭ እንደ ትልቅ የግፊት ድስት ያለው ዓይነት ነው። ክዳኑ በብሎን ይታሰራል፣ ላዩ ላይ የግፊት መለኪያ ሰዓት አለው። ግድግዳው ላይ «15 ፓውንድ፣ 121 ዲግሪ፤ ያልታሸገ 20 ደቂቃ፣ የታሸገ 30 ደቂቃ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ብዙ ክሊኒክ ውስጥ ያለው ወረቀት ይኸው ነው።

ሲስተር ወረቀቱን አየችና «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ። «ጠይቂ» አልኳት። «አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው ተብለን ተምረናል። ታዲያ 15 ፓውንድ ላይ 121 ይደርሳል የሚለው የት አገር ተለክቶ ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡናው ቀረና ነጩ ሰሌዳ ወጣ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ውኃ እዚህ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። የአየሩ ግፊትም አነስተኛ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በካሬ ኢንች 14.7 ፓውንድ የሆነው ግፊት እዚህ ወደ 11 ይወርዳል። የግፊት መለኪያው ሰዓት የሚያሳየው ደግሞ ድስቱ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት አይደለም፤ ከውጭው አየር የሚበልጠውን ብቻ ነው። እንፋሎት 121 ዲግሪ እንዲሆን ጠቅላላ ግፊቱ 29.7 ፓውንድ አካባቢ መሆን አለበት። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው 14.7 ከውጭው አየር አለው፣ 15 ሲጨምር ይሞላለታል። እኛ 11 ነው ያለን፣ 15 ስንጨምር 26 ይሆናል። የ26 ፓውንድ እንፋሎት ሙቀቱ 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ እኛ ሰዓቱ ላይ ወደ 18.7 ማንበብ አለብን።

አንዱ «አራት ዲግሪ ምን ያህል ነገር ነው?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ስፖር (አንዳንድ ባክቴሪያ ሙቀትን የሚቋቋምበት ጠንካራ ቅርጽ) ለመግደል የሚፈጀው ጊዜ አሥር እጥፍ ገደማ ይረዝማል። አራት ዲግሪ ሲጎድል ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። የ20 ደቂቃው ሥራ 50 ደቂቃ ሊፈልግ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ መጻፍ ያለበት ነገር አለ። ኤችአይቪም ሆነ የጉበት ቫይረሶች ከዚህ በጣም ባነሰ ሙቀት ይሞታሉ። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን ሰምቶ በፍርሃት ጥርሱን ይዞ ቤቱ መቀመጥ የለበትም። የሚያሳስበን ስፖር ነው፤ ቴታነስን የሚያመጣው ባክቴሪያ ራሱ ስፖር ይሠራል። «ስቴራይል ነው» ብለን ለታካሚ የምናስቀምጠው ዕቃ ስፖሩም ያለቀለት መሆን አለበት። ቃላችን ይህ ነው።

ሙቀቱን ራሱ በሴንሰር የሚለካ ዘመናዊ የጠረጴዛ ማሽን ያላቸው ይህ ችግር አይነካቸውም፤ ማሽኑ 121 ወይም 134 እስኪደርስ ይጠብቃል። እነሱም ግን መብራት መሃል ላይ ሲሄድ ምን እንደሚያደርጉ ተጠየቁ። መልሱ አንድ ነው፦ ከመጀመሪያው እንደገና። ከተቋረጠበት መቀጠል የለም።

ታኅሣሥ

ስሌት ስሌት ነው፤ መለካት አለብን። ከአንድ የባዮሜዲካል ባለሙያ ወዳጃችን የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቀር ቴርሞሜትር ተዋስን። ከታሸጉ ዕቃዎች መሃል አስቀምጠን አስነሳን። ሰው ቢያየን የሚጠመቅ ጠላ የምንጠብቅ ይመስለው ነበር፤ ሁላችንም ክዳኑ ዙሪያ ቆመን ነበር።

መጀመሪያ 15 ላይ አየሩን ሳናስወጣ ሞከርን። ቴርሞሜትሩ 110 እንኳን አልደረሰም። ይህ ከከፍታው የባሰ ነገር ነው። አየር ከእንፋሎቱ ጋር ከተቀላቀለ ሰዓቱ ላይ ግፊት ይታያል፣ ሙቀቱ ግን የለም። ስለዚህ ቫልቩ ክፍት ሆኖ፣ እንፋሎቱ ሳያቋርጥ በኃይል እስኪወጣ ድረስ መጠበቅ የግድ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የሚዘጋው። ቀጥለን አየሩን በደንብ አስወጥተን በ15 ሞከርን፤ 117 መጣ። ሰሌዳው ላይ የጻፍነው ቁጥር ራሱ ቴርሞሜትሩ ላይ ሲታይ ወጣቷ ሐኪም አጨበጨበች። ከ18.5 እስከ 19 ባለው መሃል ስንይዘው 121 ደረሰ።

ግፊት ከመጨመር በፊት አንድ ነገር አለ። የማሽኑ ጀርባ ላይ ያለው የብረት ሰሌዳ የሚፈቀደውን ከፍተኛ ግፊት ይናገራል። የአራት ኪሎው ማሽን ከበቂ በላይ ይፈቅዳል። የማይፈቅድ ማሽን ያለው ሰው ግፊቱን ትቶ ጊዜውን ነው የሚያረዝመው። የደኅንነት ቫልቩ ላይ ክብደት መጨመር ወይም በሽቦ ማሰር ፈጽሞ አይሞከርም። ድስቱ ቢፈነዳ ሰው ይገድላል። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አለ።

ያልተስማማንበት ነገርም ነበር። አንድ ባልደረባችን ማሽኑን ለሸጠው ድርጅት ደውሎ ነበር። የጥገና ሰውየው «15 ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፣ አትነካኩት» አለው። ባልደረባችን አመነታ። እኔ የተናደድኩት በሰውየው ብቻ አይደለም። ማሽኑ የገባው ወደ አዲስ አበባ እንደሆነ እየታወቀ፣ አብሮት የሚመጣው ወረቀት ከተማዋን የማያውቅ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ክርክሩን የሚፈታው ስፖሩ ራሱ ነው ብለን ተለያየን።

ገና ሳምንት

አልተገናኘንም። ግማሹ ሰው ክፍለ ሀገር ቤተሰብ ጋ ሄዷል።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

የስፖር ምርመራው ተሠራ። ለምርመራው ያመጣናቸው ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ይባላል፤ እንፋሎትን በመቋቋም የታወቀ ነው። ሰው አያሳምምም፣ ለዚህ ሥራም የተመረጠ ነው። ጠርሙሱ ከዕቃው ጋር አብሮ ይገባል፤ ከዚያ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ማሞቂያ ውስጥ ይቀመጣል። ስፖሩ ከተረፈ ሐምራዊው ፈሳሽ ቢጫ ይሆናል። ማሽን ውስጥ ያልገባ አንድ ጠርሙስም አብሮ ይቀመጣል፤ እሱ ቢጫ ካልሆነ ምርመራው ራሱ አይታመንም።

ማሽን ውስጥ ያልገባው ቢጫ ሆነ። በ15 ፓውንድ ለ20 ደቂቃ ያለፈው፣ ዕቃ ከታጨቀበት መሃል የነበረው፣ እሱም ቢጫ ሆነ። በ19 ፓውንድ ለ30 ደቂቃ የቆየው ሐምራዊ እንደሆነ ቀረ።

የሁሉም ጥቅል ማሸጊያ ቴፕ፣ ሙቀት ሲያገኘው የሚጠቁረው፣ ግን ጠቁሯል። ይህ ነው በደንብ መታወቅ ያለበት። ቴፑ የሚናገረው ጥቅሉ ሙቀት ውስጥ ማለፉን ብቻ ነው። በቂ ሙቀት ለበቂ ጊዜ ማግኘቱን አይናገርም። ብዙ ቦታ ግን ማረጋገጫ ተብሎ የሚታየው እሱ ብቻ ነው።

ያመነታው ባልደረባችን ጠርሙሶቹን ወደ መብራት አንስቶ አየ። በነጋታው የራሱን ወረቀት ቀደደ።

አዲሱን ወረቀት የጻፈችው ሲስተር ናት፣ በአማርኛ። እኛ ያረምነው ትንሽ ነው። እንዲህ ይላል፦ «የመንቀያ ፎርሴፕስ ተከፍቶ ይግባ። ዕቃ አይታጨቅ፤ እንፋሎት መሃሉን ማግኘት አለበት። እንፋሎቱ ሳያቋርጥ እስኪወጣ ቫልቩን አትዝጊ። የአዲስ አበባ ግፊት 19 ነው፤ የማሽኑን የብረት ሰሌዳ መጀመሪያ አንብቢ። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው 19 ሲደርስ ነው። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅል ስቴራይል አይደለም።» የመጨረሻውን የጨመረችው በራሷ ነው። ልክ ናት፤ እርጥብ ወረቀት ጀርም ያሳልፋል።

ጥር መጨረሻ

ዛሬ ሌላ ዓይነት ነገር መጣ። የሜክሲኮዋ ሐኪም የአንድ ልጅ ኤክስሬይ አመጣች። የታችኛው ክራንቻ በአንድ በኩል የለም፣ በሌላው በኩል ያለው ቅርጹ ተበላሽቷል። ሲፈጠር የጎደለ ነው ብላ ነበር። ጋሼ ኤክስሬዩን እያዩ «እናቱን ግግ አስወጥተሽለት ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂ» አሉ። ጠየቀች። አዎ ነው መልሱ፣ ልጁ ገና ጥርስ ሳያወጣ።

ሕፃን ጥቂት ወራት ሲሞላው ክራንቻው ሊበቅል ባለበት ቦታ ድዱ ያብጥና ነጣ ይላል። ይህ ጤናማ ነው። በዚያው ዕድሜ ተቅማጥና ትኩሳትም ይበዛል። ሰው ሁለቱን አገናኝቶ «ግግ ነው» ብሎ ድዱን ያስቧጥጣል። የሚወጣው ነገር ትል ይመስላል፣ ግን ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ዘርም አብሮ ይጎዳል። ደም መፍሰስና ቴታነስም አለ።

ከተማ ያደጉት ወጣት ሐኪሞች ይህን በመጽሐፍ ብቻ ነበር የሚያውቁት፣ ያውም በእንግሊዝኛ ስሙ። ጋሼ ግን ያደጉበት ነው። ከእንግዲህ የልጅ ክራንቻ ጎድሎ ስናይ ይህን እንጠይቃለን፤ ስንጠይቅም እናትን ሳናሸማቅቅ። ያደረገችው ልጇን ለማዳን ብላ ነው። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለ ግን ያንኑ ቀን መነገር አለበት።

የካቲት

የሲስተር ወረቀት ከእኛ ክበብ ውጭ ወጥቷል። አንድ የፒያሳ ክሊኒክ ፎቶ አንስቶ ወሰደው፤ ሌላው ሲስተርን ራሷን መጥታ እንድታሳያቸው ጠየቀ። ሄደች። ቴርሞሜትሩን ለባለቤቱ መልሰናል። የራሳችንን ለመግዛት ብር እያዋጣን ነው። የስፖር ጠርሙስ ውድ ስለሆነ በጋራ ገዝተን በየተራው ክሊኒክ ማሽን ላይ እንጠቀማለን።

የሚቀጥለው ዕጣ የስታዲየሙ ክሊኒክ ነው፣ ርዕሱ ማደንዘዣ ለልጆች። አንድ 1.8 ሚሊ ሊትር የ2 በመቶ ሊዶኬይን ካርትሪጅ 36 ሚሊ ግራም ይዟል። በጥንቃቄው ስሌት ለአንድ ኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ከተባለ፣ 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 66 ሚሊ ግራም ነው የሚችለው፤ ሁለት ካርትሪጅ አይሞላም። ይህን ለማስላት ግን የልጁ ክብደት መታወቅ አለበት። ዛሬ ስንጠያየቅ ከክሊኒኮቻችን የሚበዙት ሚዛን የላቸውም። የሜክሲኮዋ ሐኪም አንድ ይዛ ትመጣለች፤ ሌሎቻችን እስከዚያ ሐሙስ ድረስ የየራሳችንን እንገዛለን።